ለአባ ዱራ አፍንጫ እንግሊዝኛ ስንፈልግ

ባለፈው ወር የባለቤቴን ዓይን ለማሳየት ከሰፈራችን ከሰቶ ሰመሮ ወደ ጅማ ሆስፒታል በባጃጅ ወርደን ነበር። ዘሃራ ከክረምቱ ወዲህ በግራ ዓይኗ በኩል ቤቱ ውስጥ ጭስ ያለ እየመሰላት "መስኮቱን ክፈተው" ትለኛለች፤ እከፍተዋለሁ፤ ጭሱ አይወጣም። ሐኪሙ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚሁ ጅማ ተምሮ እዚሁ የቀረ ትሁት ወጣት ነው። አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፎ በመብራት ካየ በኋላ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና "እማማ፣ የእርስዎ ችግር ያለው ከዓይን ፊት ለፊት ነው፤ እኔ ደግሞ የዓይን ኋላ ነኝ" አላት። ዘሃራ ማጅራቷን ዳሰሰች። "ኋላ ማለት እዚህ ጋ?" ስትለው እንኳን አልሳቀባትም። "አይደለም እማማ፣ እዚያው ዓይን ውስጥ ነው፤ ግን ከኋላ በኩል። የፊት ለፊቷ ሐኪም ከዚህ ሦስተኛው በር ላይ ናት" አለና ወረቀት ጻፈልን። እኔ የድሮ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና አላስችል ብሎኝ የሙያውን ስም በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚህ ተነሥቶ አሰንዳቦ የሚደርስ ስም ነው። ደግሞ እንዲነግረኝ ብጠይቀው ደገመልኝ፤ አሁንም መሐሉ ላይ ጠፋኝ።

ሦስተኛው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ ዘሃራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ያ ልጅ የኛ ሰው ነው" አለችኝ። "አገሩን ታውቂዋለሽ?" አልኳት። "አገሩን አላውቅም። ሙያው ግን የኛ ነው" አለች። ይህን ስትል ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ዓይኑን የታመመ ሰው ምን ያስቀዋል ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ዞር ዞር ብለው አዩን። እኔም የዚያን ቀን እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ በሐሳቤ ወደ ድሮው ወደ ሐጂ ሙዘይን ቡና ማበጠሪያ ተመለስኩ።

ከደሴ ተመድቤ ጅማ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመንግሥትን ነገር ለሚያውቁት እተዋለሁ፤ እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በሱሪዬ ስፋት ነው። ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት፣ ሲራመዱበት የጅማን መርካቶ አቧራ እየጠረገ የሚሄድ ቦላሌ ነበረኝ። መርካቶ ጨርቅ ተራ ውስጥ አንድ ሰፊ በአራት ብር ሰፍቶልኝ፣ "ከዚህ በላይ ካሰፋነው ለሁለት ሰው ይሆናል" ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ጸጉሬ ደግሞ ክብ ነው፤ በር ሳልፍ ጎንበስ እላለሁ፤ ቁመቴ ሆኖ አይደለም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት ሳንቲም፣ ከመርካቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ጋሪ በስሙኒ። ዛሬ ባጃጁ እየተሽሎከሎከ የሚያልፍበት ማዕዘን ላይ ያኔ ፈረሶቹ ተሰልፈው ጭራቸውን እያወዛወዙ ይቆማሉ፤ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የሱዳን ዘፈን ይመጣል፤ ቃሉን ማናችንም ሳናውቀው አብረን እናዜማለን። አሁን በዚያ ማዕዘን ሳልፍ እግሬ በራሱ ጊዜ ፈረስ ለማሳለፍ ቆም ይላል። ባጃጅ ነጂዎቹ "አባባ ይግቡ" ይሉኛል፤ የቆምኩት መኪና ፈልጌ ይመስላቸዋል።

ሐጂ ሙዘይን የማበጠሪያው ባለቤት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ድረስ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተዘርግቷል። ቡናቸውን ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚልከው የአዲስ አበባ ድርጅት፣ የማበጠሪያው ሠራተኞች በሙሉ ስማቸውና ሙያቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲላክ አዟል። ከወር በኋላ ከባሕር ማዶ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል። ሙያ ያለው ሁሉ ፎቶግራፍ ያለበት የቋሚ ሠራተኛ ካርድ ያገኛል፤ ሙያው ያልተጻፈለት ቀን ሠራተኛ ነው፤ ቀን ሠራተኛ ደግሞ ቡናው ሲያልቅ ይሸኛል። "መምህር፣ አንተ እንግሊዝኛውን ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ሰዎቼን አውቃለሁ። ተቀምጠን እንጨርሰው፤ ኢንሻአላህ እስከ ዙህር ሶላት ያልቃል" አሉኝ። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ዘበኛው፣ ጸሐፊውና ሚዛን ሠራተኛው ወዲያው አለቁ። ከዚያ አባ ዱራ ገቡ። አባ ዱራ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው ሰው ናቸው። "ሥራዎ ምንድን ነው አባ?" አልኳቸው። "ጆንያ አሸታለሁ" አሉኝ። ቡና የሚያሸት ሰው እንዳለ ሰምቼ ስለነበር "ቡናውን ማለትዎ ነው?" ብላቸው ፊታቸው ተቀየረ። "ባርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡ ወደ ኦሮምኛው ይሄዳሉ። "ባርሲሳ፣ ቡና ሌላ ሰው ነው የሚያሸተው። እኔ ባዶ ጆንያ ነው።" ሐጂ ሙዘይን አስረዱኝ። ቡና ሽታ ይስባል። ቀድሞ ሳሙና የነበረበት፣ ላምባ የነካው፣ ቆዳ የተጫነበት ጆንያ ውስጥ ከገባ ያ ሁሉ ቡና ከንቱ ይሆናል። አባ ዱራ የጆንያውን አፍ ከፍተው አፍንጫቸውን አስገብተው "ሳሙና" ይላሉ፤ "ፍየል" ይላሉ፤ አንዳንዴም "ይህ ጆንያ አጋሮ ሄዶ ያውቃል" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። "ሌላስ ምን ይሠራሉ?" አልኳቸው። "ሌላ ለምን እሠራለሁ?" አሉኝ፤ ከልባቸው ገርሟቸው።

መዝገበ ቃላቴ ሽፋኑና የመጀመሪያው ፊደል ግማሹ የጎደለ፣ ከደሴ ጀምሮ የተንከራተተ መጽሐፍ ነው። ቀላል መስሎኝ ጆንያ አሽታች ለማለት "ሳክ ስሜለር" ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ሰባተኛ ክፍል ድረስ የተማረ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚያደርግ ሰው ነበር፤ የጽሕፈት መኪናው ላይ ጣቱን እንዳንጠለጠለ "መምህር፣ ይህ ሰውየው ይሸታሉ ማለት አይሆንም?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይሆናል። ከአባ ዱራ ፊት ስለሆንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተመካከርንና "ሳክ ኢንስፔክተር" ብለን አስገባን። መዘዙን ያየነው በኋላ ነው። አባ ዱራ ኢንስፔክተር ሆነው ተጻፉ ሲባል ወሬው መርካቶን ባንድ ቀን አዳረሰ። እህል ነጋዴዎች እሳቸው ሲያልፉ እየተነሡ ሰላም ይሏቸው ጀመር። ጫት ተራ ያሉት ሴቶች እሳቸውን ሲያዩ ዘንቢላቸውን ይሸፍናሉ። አባ ዱራም በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ደርበው መሄድ አመጡ፤ "ማሎ፣ እባክዎ ኮቱን ይተዉት" ቢሏቸው "ወረቀቱ ያዘዘው ነው" አሉ።

ቀጥለው ጀማልና ከማል መጡ። መንትዮች ናቸው። ጆንያ ተሞልቶ አፉ ሲሰፋ፣ ተሸካሚው የሚይዝበት ሁለት ጫፍ እንደ ጆሮ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ጀማል የግራውን ጆሮ ያስራል፤ ከማል የቀኙን። "ቀኙንም ማሰር ትችላለህ?" አልኩት ጀማልን። ወደ ወንድሙ አየና "እሱ እያለ?" አለኝ። በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ ጆንያ ጆሮ አለው የሚል ስላላገኘሁ "ሌፍት ኢር" እና "ራይት ኢር" ብዬ ጻፍኩላቸው። ትርጉሙ ለማንም ሰው ግልጽ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

መጨረሻ ላይ ዘሃራ መጣች። የአባ ዱራ ልጅ ናት። ነጭ ሻሽ አድርጋ፣ የፕላስቲክ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሥራዋን ስጠይቃት መዳፏን ዘረጋች፤ አንዲት ፍሬ ቡና አለች። "ይቺን ነው የምለቅመው" አለች። ብመለከታት ምንም የለባትም። ፍሬዋን ገልበጥ ስታደርግልኝ የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀዳዳ አየሁ፤ ትል የበሳት ነች። ሌሎቹ ለቃሚዎች ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ድንጋዩን ሁሉንም ያወጣሉ። ዘሃራ ጋ የሚደርሰው እነሱ ጨርሰውት ነው፤ እሷ የተበሳውን ብቻ ታወጣለች። "ድንጋይ ብታገኚስ?" አልኳት። "ድንጋይ አላይም፤ ዓይኔ አልፎት ይሄዳል" አለችኝ። የዚያን ቀን ቃል አላገኘሁላትም። በማግስቱም አላገኘሁም። ሥራውን በደንብ ማየት አለብኝ እያልኩ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ማበጠሪያው እሄዳለሁ፤ ከፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። በአራተኛው ቀን አንዷ ለቃሚ "መምህሩ ቃሉን ዘሃራ ፊት ላይ ተጽፎ ያገኘዋል" ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። ዘሃራ አልሳቀችም። ስወጣ እስከ በሩ ተከትላኝ መጣችና "መምህር፣ ቃሉ ከጠፋ እኔ ቀን ሠራተኛ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። "ይገኛል" አልኳት። "ለሁሉም ተገኝቷል። ለግራ ጆሮ እንኳ ተገኝቷል" አለች።

ያ ነገር አስጨነቀኝ። ከመዝገበ ቃላቴ ገጽ አንድም አልቀረኝ። ዝርዝሩ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው "ቦረር" የምትል ቃል አገኘሁ። መብሳት ከሚለው የምትወጣ ናት፤ ትርጉሟ ተጀምሮ "ከመብሳት ጋር…" ሲል ገጹ ተቀዷል። ከመብሳት ጋር የተያያዘ ሙያ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ። ሮጬ ሄጄ አስጻፍኩት። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ፤ ዘሃራም "ቦ–ረር" እያለች አንድ ሦስት ጊዜ ለአፏ ሞከረችው። "ደስ ይላል፤ የመኪና ስም ይመስላል" አለች።

ከወር በኋላ ባለሙያው መጣ። ቀይ ፊት፣ አጭር ሱሪ፣ ካልሲው ጉልበቱ ድረስ የተሳበ ሰው ነው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዝርዝሩን አይቶ ጀማልን ፈልጎ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ ብሎ እየጮኸ ሰላም ማለት ነበር። ከዚያ ከማልን ወደ ግራው ዞሮ እንዲሁ። ሁለቱን አካል ጉዳተኞች በመቅጠራቸው ሐጂ ሙዘይንን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሐጂም ምን እንደሆነ ባይገባቸውም "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥሎ ጣቱ ዝርዝሩ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ቀና ብሎ በትሕትና "ቦረሯን ማየት እችላለሁ? በጠርሙስ ነው ያስቀመጣችኋት?" አለኝ። "በጠርሙስ አይደለም፤ እዚያ ተቀምጣለች፤ ባለ ነጭ ሻሿ" አልኩት። ወደ ዘሃራ አየ፤ ወደ ዝርዝሩ አየ፤ ከዚያ ከፊቱ ካለው ክምር አንድ የተበሳ ፍሬ አንሥቶ ቀዳዳውን እያሳየኝ፣ ቦረር ማለት ይህን የምትበሳው ትል ራሷ እንደሆነች ቀስ ብሎ፣ እኔን ላለማሳፈር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ዝርዝሩ እንደሚለው ሐጂ ሙዘይን አንዲት የቡና ትል በቋሚነት ቀጥረዋል።

ጆሮዬ ጋለ። እባክህን አትናገርብኝ አልኩት። አልተናገረም። ይልቅስ ዘሃራ ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለና ከክምሩ ያፈሰውን እፍኝ ቡና ሰፌዷ ላይ በተነው። ሦስት የተበሳ ፍሬ ቀላቅሎበት ነበር። ዘሃራ በመዳፏ አንድ ጊዜ አሰስ አደረገችና አራት አወጣች። "ሦስት ነው የጨመርኩት" አለ። ተረጎምኩላት። "አራት ነው" አለች ቀና ሳትል። አራተኛዋን ተቀብሎ በአጉሊ መነጽር አያት፤ ምንም አላየም። ቢላዋ አውጥቶ ለሁለት ከፈላት። ትሏ ከመሐል ተጠቅልላ ተኝታለች። ሰውየው ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዝርዝሩን አንድ ፊደል ሳይነካ ፈረመበት።

ምሳ ላይ ሐጂ ሙዘይን በተራቸው "የእሱስ ሙያ ምንድን ነው?" አሉኝ። ጠየቅሁት። ቡና በመርከብ ሲጓዝ፣ የመርከቡ ሆድ ሲቀዘቅዝ፣ ከጣሪያው ላይ ጤዛ ወርዶ ጆንያውን ያረጥበዋል፤ እሱ የሚያጠናው ያንን ጤዛ ነው። ሌላ አያጠናም። ቡናው ወደብ ላይ ከረጠበ ያ የሌላ ሰው ነው። አሁን ደግሞ በአማርኛ ቃል የጠፋው ለእሱ ሆነ። እኔ ስንተባተብ አባ ዱራ ኮታቸውን አስተካክለው "መርከቧ ያልባታል ማለት ነው። ይህ ሰውዬ አባ ደፍቃ ነው" አሉ። ደፍቃ ላብ ነው፤ አባ ደፍቃ ማለት የላብ ባለቤት፣ የላብ አባት። ሰውየው ትርጉሙን ሲሰማ ደስ ብሎት በማስታወሻው ላይ ጻፈው። አባ ዱራ አጠገባቸው አስቀምጠውት የሥጋውን ጥሩ ጥሩ እየመረጡ አጎረሱት፤ አንድም ቃል ሳይግባቡ እስከ ዐሥር ሰዓት አብረው ተቀመጡ።

ካርዱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዘሃራ በቀይ ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። መርካቶ ለገበያ ስትወጣ እንኳን አታወልቀውም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ። ለማስተካከል ጸሐፊውን በዘወርዋራ ጠይቄው ነበር። "ወረቀት ከተነካ ስም ከዝርዝሩ ይወድቃል። ወደዚያ እንዳትሄድ" አለኝ። የማታው ዘጠነኛ ክፍል ተስፋፍቶ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በየቀኑ እየበዛ ነበር፤ ሰዋስውን የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ሐሙስ ጨርቅ ተራ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋትና የፎጣ መስቀያ ሥር አቁሜ እውነቱን ነገርኳት። ይቅርታዬን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋገምኩ። ካርዱን አገላብጣ አየችው።

"ካርዱ ይሠራል?" አለችኝ።

"ይሠራል።"

"ቡናው ሲያልቅ አልሸኝም?"

"አትሸኚም።"

"እንግዲያው ትል ልሁን" አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ "ይህን ማን ያውቃል?" አለችኝ።

"አባ ደፍቃ ያውቃል፤ እሱ ሄዷል። ሌላ እኔ ነኝ።"

"አንተ እንደ ሌሎቹ መምህራን ተቀይረህ ትሄዳለህ። ሄደህ ደሴ ላይ እየሳቅህ ታወራብኛለህ።"

"አልሄድም" አልኳት። ይህን ከመናገሬ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር። "እንዳላወራብሽ ከፈለግሽ እዚሁ ዓይንሽ ሥር አድርጊኝ።" ዘሃራ ፎጣውን የምታይ መሰለች፤ ግን ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነበር። "ቶሌ። ለአባቴ ሽማግሌ ላክ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ይኸው አልሄድኩም። የፊት ለፊቷ ሐኪምም ባለፈው ሳምንት የዓይኗን ሞራ አንሥታላት፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "አርጅተሃል" አለችኝ፤ "ማንም አልነገረኝም።"

ያኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሐጂ ሙዘይንና የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነበሩ። አባ ዱራ ግን "ባርሲሳው ራሱ ይምጣ" ብለው ስላስቸገሩ ሰፊውን ሱሪዬን ለብሼ ተከተልኳቸው። ቢስሚላህ ተባለ፤ ዱዓ ተደረገ። አባ ዱራ ኮታቸውን ለብሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ስንት ጊዜ አብረን እንዳልተቀመጥን ሁሉ "ሥራህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"መምህር ነኝ አባ።"

"ምን ታስተምራለህ?"

"እንግሊዝኛ።"

"ሒሳብስ?"

"ሒሳብ አላስተምርም።"

"እንግሊዝኛውንስ፣ ሁሉንም ነው?"

አዎ ማለት ነበረብኝ። ሐጂ ሙዘይን በጉልበታቸው ነካ አደረጉኝ። ግን ሽታ ሊያመልጣቸው የማይችል ሰው ፊት መዋሸት ከበደኝ። "ሰዋስው ነው አባ። ንባቡን ሌላ መምህር ያስተምራል" አልኳቸው።

"ሰዋስው ለስንተኛ ክፍል?"

"ለዘጠነኛ ብቻ።"

ዳይሬክተሩ ጣሪያውን አየ። አባ ዱራ ግን በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ደስ የሚል መልስ ሰምተው እንደማያውቁ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማሻአላህ" አሉ። "እንጨትስ ትፈልጣለህ?"

"አንድ ጊዜ ሞክሬ ጣቴን…"

"ይበቃል። ወጥ ትሠራለህ?"

"አልችልም አባ።"

ወደ መጋረጃው ዞሩ። "ዘሃራ፣ ይህ ሰው ወጥ አይችልም።"

ከመጋረጃው ጀርባ የዘሃራ ድምፅ መጣ። "እኔም አልችልም አባ። ያውቃሉ እኮ።"

አባ ዱራ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ ጓዳው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለባለቤታቸው "ከነገ ጀምሮ ወጡ ላይ የአንድ ሰው ጨምሪበት" አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

ከኒካሑ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አባ ዱራ ካረፉ በኋላም እናቷ እስኪያርፉ ድረስ፣ ምሳችንን የበላነው እዚያ ነው። ዘሃራ ወጥ የተማረችው በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። የምትችለው የምስር ብቻ ነው፤ እኔም ሽንኩርቱን እከትፍላታለሁ፣ ቀዩን ብቻ።